ሸርጣኑ ማኅበር የገባ ዕለት

ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር፦ ተናድጃለሁ። ይህን የምጽፈውም ተናድጄ ነው። አንብባችሁ ብትስቁ ጉዳያችሁ፤ እኔ ግን እስካሁን አልሳቅሁም፣ የምስቅም አይመስለኝም። የተናደድኩት ደግሞ በሸርጣን ነው። አዎ፣ በሸርጣን! በዚያ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ወደ ጎን በሚሄደው፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ተንኮል በሆነው ፍጥረት። «አሁን ትልቅ ሰው በሸርጣን ይናደዳል?» የሚል ካለ፣ ቤቴ ሚዛን ተፈሪ ነው፣ ይምጣና አንድ ሳምንት አብሮት ይሰንብት። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ሥራዬ መስታወት መቁረጥ ነው። የመስኮት፣ የበር፣ የቁም ሣጥን፣ የመጣልኝን ሁሉ እቆርጣለሁ። ዝናብ ሲበረታ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ የእኛን አገር ዝናብ ለሚያውቅ ደግሞ መቼ ነው የሚበረታው ብሎ መጠየቅ ቀልድ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ እግሬን ሰቅዬ ስልኬን ስነካካ አንድ ፂማም ፈረንጅ በቪዲዮ ብቅ አለ። ከፊቱ ትልቅ የመስታወት ሣጥን ተቀምጧል፤ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ የብስ። ውሃው ውስጥ ዓሣ ይዋኛል፣ ቅጠሉ ላይ እንቁራሪት ተቀምጣለች፣ ድንጋዩ ላይ ሸርጣን ይንሸራሸራል። ፏፏቴ ሁሉ አለው። ሰውዬው ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። እንግሊዝኛዬ ይህን ያህል ባይሆንም፣ «ሁሉም በሰላም አብረው ይኖራሉ» ማለቱ ገብቶኛል። ፓሉዳሪየም ይባላል አለ። ያን ጊዜ ስልኬን ዘግቼ ወደ ቤቴ ብሄድ ኖሮ ዛሬ ጤነኛ ሰው ነበርኩ።

እኔ ግን ተነሣሁና ከተራረፈው መስታወት የአልጋ ግማሽ የሚያህል ሣጥን ሠራሁ። በሲሊከን ግጥም አድርጌ አጣበቅሁት። በአንድ ወገን ድንጋይና አፈር ደለደልኩ፣ በላዩም ከዛፍ ግንድ ላይ የፋቅሁትን ያን አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ነገር አለበስኩት። በሌላው ወገን ውሃ ሞላሁ። ትንሽ ሞተር ገዝቼ ውሃው በቀጭን ጎማ ወደ ላይ ወጥቶ በድንጋዩ ላይ እንዲወርድ አደረግሁ። ከዚያ ሳሎናችን ውስጥ፣ የጓዳው በር አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ሚስቴ ሩት መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ ስታየው ቆየች። እሷ ስትናደድ አትጮኽም፤ ይኸው ነው የሚያስፈራው።

«የሰው ቤት ሁሉ ውሃ እንዳይገባበት ይጨነቃል» አለችኝ። «አንተ ተሸክመህ ታስገባለህ?»

እውነቷን ነው። ሚዛን ውስጥ ሰው ሲገናኝ የሚያወራው ስለሚያፈስ ጣራ ነው። እኔ ደግሞ ፏፏቴ ሠራሁ።

ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጅረት አለች። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ገባሁና ድንጋይ እየገለበጥኩ መፈለግ ጀመርኩ። ከቡና ለቀማ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው አዩኝ።

«ምን ጠፍቶህ ነው ወንድሜ?»

«ሸርጣን እየፈለግሁ ነው።»

«ለመድኃኒት?»

«ኧረ አይደለም፤ ቤት ላኖረው ነው።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው ራመድ ራመድ አሉ። ከኋላዬም «ምስኪን፣ ሚስት ይኖረው ይሆን?» ስትል የሰማኋት አለች። ሚስትማ አለችኝ! ለእሷም ነው ያልበቃሁት።

ሸርጣኑን ከነሙሉ ክብሩ በባልዲ አመጣሁት። ጥቁር ቡናማ ነው፤ አንደኛው መቆንጠጫው ከሌላው ይተልቃል። ስሙን ሰላሙ አልኩት፤ ያ ፈረንጅ ስለ ሰላም ብዙ አውርቶ የለ! ከዚያችው ጅረት ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ጨመርኩለት። ቀንድ አውጣዎችን ከጓሮ እንሰት ላይ ለቀምኩ። እንቁራሪቷ ደግሞ በራሷ ፈቃድ በበር ገባች፤ የምትጠብቀኝ ይመስል።

ሰፈሩ ወሬውን ሰምቶ ለማየት ግልብጥ ብሎ መጣ። ሁሉም መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል።

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«እሱስ? ይበላል?»

ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ ነበር የማልፈው።

አማቴ፣ የሩት እናት፣ ከሸኮ ሊጠይቁን መጥተው እንደ ሌላው ሰው አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ሰላሙን አዩት፤ ሰላሙም አያቸው። እሳቸው ቤታቸው የሚናገሩት አማርኛ አይደለም፤ አማርኛ ሲናገሩ ቃል አያባክኑም።

«ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» አሉኝ።

«አልታሰረም እማዬ፤ እየኖረ ነው።»

«እ...» አሉ። እውነት ለመናገር ያኔ ምንም አላደረገም ነበር። ወንጀሉን የጀመረው ከገባ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ዓሣ ጠፋ። ቀጥሎ ሌላው። እኔ የጠረጠርኩት ማንን መሰላችሁ? እንቁራሪቷን! አፏ ሰፊ ነው፣ ቁጭ ብላ ነው የምትውለው፣ ፊቷም እምነት የሚጣልበት አይደለም። ሰላሙ ደግሞ ድንጋዩ ሥር ተኝቶ ምንም የማያውቅ ይመስላል። ስለዚህ እንቁራሪቷን በግፍ አንስቼ በዝናቡ ውስጥ ወረወርኳት። ጭቃው ላይ ሆና ዘወር ብላ አየችኝ። ይቅር ትበለኝ፤ አሁን ሳስበው ከዚያ ቤት ነፍሷን ይዛ የወጣች እሷ ብቻ ናት።

ዓሦቹ ማለቃቸውን አላቆሙም። የቀንድ አውጣዎቹ ቤት ባዶውን ተንሳፍፎ ተገኘ። አንድ ቀን ለምሳ ስገባ ጌታው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ በትልቁ መቆንጠጫ የመጨረሻውን ዓሣ ይዞ በትንሹ እየቆረሰ ይጎርሳል። አይቸኩልም! ሆቴል የገባ ሰው ነው የሚመስለው። እኔን አየኝና ማኘኩን ቀጠለ። ደሜ ፈላ። መስታወቱን በጡጫ መታሁት፤ እኔ የሠራሁት መስታወት መሆኑን ረስቼ። የታመመው እጄ ነው።

«በሰላም አብረው ይኖራሉ» ያለው ፈረንጅ የት አባቱ ይሆን? ስንቱን ዓሣ እየቀያየረ እንደሚቀርጽ ማን ያውቃል! እኔ ቤት በሰላም የሚኖረው አንድ ነው፤ እሱም ሌሎቹን በልቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እስካሁን የነገርኳችሁ የሆዴን ለማውጣት ነበር።

ሩት የተወለደችው ሸኮ ነው። ቤተሰቧ ፕሮቴስታንት ናቸው። እኔን ስታገባ ተጠምቃ ወደ እኛ መጣች፤ ማንም አላስገደዳትም። እናቷም አልቅሰው መርቀዋታል። እኛ ሰፈር የማርያም ጽዋ ማኅበር አለ፤ አባላቱ አያቶቻቸው ከሰሜን የመጡ ናቸው፣ የእኔም እንደዚያው። ሩት ማኅበሩ ውስጥ መግባት ትፈልግ ነበር። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ የሰው ተራ በደረሰ ቁጥር ሄዳ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፤ ጽዋው ሲዞር ግን ከጓዳ አትወጣም። ምክንያቱም የማኅበሩ አውራ የሆኑት እትዬ ጥሩወርቅ «ትቆይ፤ ገና ናት» ይሉ ነበር። ገና! እንጀራ ናት እንዴ እስክትበስል የምትጠበቀው? ስሟንም ጠርተዋት አያውቁም። «የመስታወት ቆራጩ ሚስት» ነው የሚሏት። ፊቷ ቆማ «የመስታወት ቆራጩ ሚስት፣ ያን ሰሃን አቀብይኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተናግሬያለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም በልቅሶ ቤት መሃል ጮኼባቸዋለሁ። «ምን አልኳት?» አሉኝ ዓይናቸውን አንከባለው። «ሚስትህ አይደለችም?»

በዚህ ዓመት የማኅበሩ ቄስ ተቆጥተው «ይበቃል» ስላሉ ሩት ገባች። የመጀመሪያ ተራዋም ደረሰ። ወገኖቼ፣ እንዲያ ስትፈራ አይቻት አላውቅም። ጌሾውን ራሷ መረጠች፣ ብቅሉን ራሷ አስፈጨች፣ ጠላውን ጠንስሳ ጋኑን ጓዳ አስቀመጠች። አፉን በነጭ ሻሽ አሰረችው። ዝንብ ስታይ እንደ ወታደር ነው የምትነሣው። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አይጥም ሆነ ሌላ የረከሰ ነገር የገባበት ጠላ ለማኅበር አይቀርብም፤ ይደፋል፣ ዕቃውም ያለ ቄስ ጸሎት አይነካም። የእሷ ጋን ላይ እንዲህ ቢደርስ ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ ምን እንደሚሉ ሁላችንም እናውቃለን።

ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ እያለ ሰላሙ ምን አደረገ? የሞተሩን ጎማ ቆረጠው! በልቶ ጨርሶ ሲሰለቸው ነው መቼም። ፏፏቴው በሣጥኑ ውስጥ መውረዱን ትቶ ወደ ውጭ ተተኮሰ፤ ለማኅበሩ ተብሎ ታጥቦ የተነጠፈው ምንጣፍ ውሃ ጠጣ። ሩት ምንጣፉን ጨምቃ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«ከማኅበሩ በፊት ይህ አውሬ ከቤቴ ይውጣልኝ» አለችኝ።

«ነገ ጅረቱ እወስደዋለሁ» አልኳት።

ነገ። ከነገ በኋላም ነገ አለ። ዝናብ ነበር፣ ጭቃ ነበር፣ ቡና ገዢው የመጋዘኑን መስኮት ጨርስልኝ ብሎ ይዞኝ ነበር። የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ባልዲዬን ይዤ ወደ ሣጥኑ ስሄድ ክዳኑ ፈቀቅ ብሏል። ለካ የተቆረጠውን ጎማ ስቀይር ክዳኑ ላይ የምጭነውን ድንጋይ አልመለስኩትም። ሰላሙ የለም።

ሶፋ ሥር አየሁ፣ የለም። አልጋ ሥር፣ የለም። ጫማዎቼን አንድ በአንድ አራገፍኩ፣ የለም። ሩት እናቷን መናኸሪያ ልትቀበል ወጥታለች። ወደ ጓዳ ስገባ ምን ልይ፦ ከሣጥኑ እስከ ጋኑ ድረስ ወለሉ ላይ እርጥብ መስመር አለ፤ የጋኑ ሻሽ ደግሞ በአንድ ወገን ተፈቷል።

የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ጋኑ አጎነበስኩ። ጨለማ ነው። ብቻ ከሥር አረፋ ቡልቅ ይላል። ትንሽ ይቆይና ደግሞ ቡልቅ። «ይኸው ይተነፍሳል!» አልኩ። ጠላ በራሱ አረፋ እንደሚያወጣ የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም፤ ያን ዕለት ግን እኔ አላውቅም ነበር። እጄን አልሰድ ነገር፣ ያለ ሸርጣንም አረከስኩት ማለት ነው። ማማሰያ አልሰድ ነገር፣ ይታወቅብኛል። እዚያው ቆሜ የሸርጣን ዘር ማንዘሩን ሰደብኩ።

ይሄኔ ሩት ከእናቷ ጋር ገባች፤ ከኋላቸውም እንግዶቹ። ዝናቡ ስለወረደ ሁሉም ቦቲውን በረንዳ ላይ እያወለቀ ነው የሚገባው። እትዬ ጥሩወርቅ ትልልቅ ጥቁር ቦቲዎቻቸውን ከሁሉ ለይተው ግድግዳውን አስጠግተው አቆሙና በካልሲ ገቡ። ቤቱን ከጣራ እስከ ወለል አዩት። ሣጥኑን አዩት። እኔንም አዩኝ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የዓሣ መቃብር?»

ትክክል ነበሩ።

ሩትን በዓይኔ ጠቀስኳት። ምግብ አምጪ ያልኳት መሰላትና «ቆይ» አለችኝ በከንፈሯ። ደግሜ ጠቀስኳት፣ ወደ ጋኑ በአገጬ አመለከትኩ። አጠገቤ መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝና «ዛሬ እንኳ ሰው ሳይጠጣ አትጠጣ» ብላ አለፈች። ያን ቀን የተቆነጠጥኩት እኔ ብቻ ብሆን ምን ነበረበት!

ጸሎቱ ተደረሰ። ዳቦው ተቆረሰ። ሩት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከጓዳ በማንቆርቆሪያ ጠላውን ይዛ ወጣች። ፊቷ በርቷል። ያን ያህል ዓመት ከጓዳ ሆና የሰማችውን ጽዋ አሁን በገዛ ቤቷ ልትቀዳ ነው። ለእትዬ ጥሩወርቅ ቀዳች። እሳቸው አንስተው አሸተቱት።

«ደህና ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ «ደህና» የሚል ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ዝም ብል ኖሮስ? ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ግን አስቡት፤ ሁለተኛው ማንቆርቆሪያ ላይ አንድ እግር ብቅ ቢል! ሰውን ሳያውቀው የረከሰ ነገር አጠጥቼስ ማርያምን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ከንፈራቸው ሊነካው ሲል ብድግ አልኩ።

«እንዳትጠጡት!»

እትዬ ጥሩወርቅ ብርጭቆውን ከከንፈራቸው አራቁ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ቄሱ።

«ጋኑ ውስጥ... ሸርጣን ገብቷል።»

«ምን ገባ?»

«ሸርጣን ነው የምለው አባቴ! ሸርጣን! ከዚህ ሣጥን ወጥቶ!»

ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ ስናደድ ድምፄን አልቆጣጠርም። ሴቶቹ «ማርያም! ማርያም!» እያሉ ብርጭቋቸውን ራቅ አደረጉ። እትዬ ጥሩወርቅ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ሩትን አየኋት። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀርታለች። በፊቷ የነበረው ብርሃን እንዳለ ጠፍቷል። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ቄሱ «እንግዲህ ይደፋ፤ ጋኑን በኋላ እባርከዋለሁ» አሉ። ከሌላ ወንድ ጋር ተሸክመን ግቢው ውስጥ አወጣነውና ማኅበርተኛው ሁሉ በረንዳ ላይ ቆሞ እያየ ገለበጥነው። ያ ሁሉ ልፋት ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቦዩ ወረደ። መጀመሪያ ጠላው፣ ቀጥሎ ድፍድፉ። ሁላችንም ዓይናችንን ጋኑ አፍ ላይ ተክለናል። በእንጨት ጠረግሁት። ጭንቅላቴን ከትቼ አየሁ።

ሸርጣን የለም።

«የታለ?» አለች ሩት፤ ድምጿ ቀስ ያለ ነበር።

«ሻሹ ተፈቶ ነበር...»

«እኔ ነኝ የፈታሁት። መድረሱን ልቀምስ።»

«ወለሉ ላይ እርጥብ መስመር...»

«ምንጣፍህን ዛሬ ጠዋት ደግሜ የጨመቅሁበት ባልዲ ነው የጎተትኩት!»

«ምንጣፍህን» ነው ያለችው። የጋራ የነበረው ምንጣፍ ያን ዕለት የእኔ ብቻ ሆነ። ቄሱ ደግሞ ሊያጽናኑኝ ብለው «ቢሆንም እውነት የመሰለህን መናገርህ ደግ ነው» አሉኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! እውነት የመሰለኝን ተናግሬ እኮ ነው ሚስቴን ያዋረድኳት።

ወደ ቤት ተመልሰን ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ ተቀመጠ። ጽዋ የሌለው ጽዋ ማኅበር! ይሄኔ አማቴ ከጥጉ ተነሡ። ከሸኮ ሲመጡ አንድ ጀሪካን ይዘው ነበር፤ እሳቸው ጠላ ስለማይጠጡ ለራሳቸው ያመጡት ነው። ከፊታችን አምጥተው አስቀመጡት።

«ብርዝ አለ» አሉ። «የዛሬ ነው። ማርና ውሃ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ ጥሩወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የበጠበጠው ማን ነው?»

«እኔ» አሉ አማቴ። «እኔ ጴንጤ ነኝ። ንቦቹን ግን አልጠየቅኋቸውም።»

ቄሱ ሳቁ። መጀመሪያ ሊደብቁት ሞክረው ነበር፣ አልሆነላቸውም። ከዚያ መስቀላቸውን አንስተው ባረኩትና «ቅጂ ልጄ» አሏት ሩትን። ሩትም ቀዳች። ሰዉ ጠጣ። ጥሩ ብርዝ ነበር፤ እንዲያውም የተደገመለት አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው አስቀመጡት። ሲወጡም ለቄሱ፣ ለቄሱ ብቻ የሚናገሩ መስለው፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው «ለዚህ ነበር እኔ ትቆይ ያልኩት» አሉ።

ሩት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች። እኔ አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት እሳቸው ወደ ቦቲያቸው ሄደው ቀኝ እግራቸውን ጨመሩ።

እንዲያ ያለ ጩኸት በሚዛን ተሰምቶ አያውቅም። ከገበያ ድረስ የሰማ አለ ይላሉ። እትዬ ጥሩወርቅ በአንድ እግራቸው ዘለሉ፣ ዞሩ፣ ምሰሶውን አቀፉ። ሴቶቹ «እባብ ነው!» ብለው ተበተኑ። ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉ። እኔ ሮጬ ቦቲውን ስስብ ከነቦቲው ጭቃው ውስጥ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ቀና ስል ምን አያለሁ? ያ ርጉም! ሰላሙ! በትልቁ መቆንጠጫው የእትዬ ጥሩወርቅን አውራ ጣት ከነካልሲው ይዞ ተንጠልጥሏል። ጨለማና እርጥብ ጉድጓድ ሲያገኝ ገብቶ ተኝቶ ነው እኮ። እግራቸውን ባራገፉ ቁጥር እሱ ያጠብቃል።

ሰው ሁሉ ይጮኻል እንጂ የሚጠጋ የለም። ሩት ከበረንዳው ወረደች። በነጭ ቀሚሷ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ አያራግፉት። እግርዎን ውሃው ውስጥ ያውርዱት፤ ውሃ ሲያገኝ ይለቃል። ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት፤ ስንት ጊዜ ይዞኛል።»

እትዬ ጥሩወርቅ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«ሩት! ሩትዬ! ልጄ! ኧረ አውጪልኝ የኔ እናት፣ ሩትዬ!»

ሩት እግራቸውን ይዛ ከጣራው የሚወርደው ውሃ ባጠራቀመው ኩሬ ውስጥ ነከረችው። ጌታው ትንሽ አሰበበት። ከዚያ ለቀቀ። እሷም ከጀርባው በሁለት ጣቷ ብድግ አድርጋ ያዘችው፣ እኔ ባልዲና ዱላ ይዤ የምፈራውን!

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ መርገጥ አልቻሉማ። ሶፋችን ላይ እግራቸው ተሰቅሎ፣ ጣታቸው በዚያ በጋኑ ነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ተቀመጡ። አማቴ አጠገባቸው ሆነው እጃቸውን ይዘዋል። ሲረጋጉ ዙሪያቸውን አዩና «ሩትዬ፣ ያ ብርዝ አልቋል?» አሉ። ሲቀዳላቸው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

እኔ ሰላሙን በባልዲ አድርጌ ጅረቱ ልወስደው ስነሣ ሩት በሩ ላይ ቆመች።

«ወዴት?»

«ወደ መጣበት ነዋ! ከቤቴ ይውጣልኝ አላልሽም?»

«እሱ የትም አይሄድም» አለች። «ሣጥኑን አጽዳለት።»

ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ሣጥኑ ውስጥ ብቻውን ይኖራል፤ ሥጋ ቆርጣ የምታበላው እሷ ናት፣ ሽታውን የማጥበው እኔ ነኝ። ክዳኑ ላይ የጫንኩት ድንጋይ ለሁለት ሰው ይከብዳል። ሳልፍ መቆንጠጫውን ያነሣብኛል፤ እኔም ጣቴን አነሣበታለሁ፤ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ነው ታዲያ። እትዬ ጥሩወርቅም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ማለት አብዝተዋል። እኔን ሰላም ሳይሉ ገና ከአጥሩ በር ላይ «ሩትዬ! አለሽ ልጄ?» እያሉ ነው የሚገቡት። ቦቲያቸውን ግን ከእንግዲህ በረንዳ ላይ አይተዉም፤ በእጃቸው ይዘው ይገባሉ። እኔ በዚያች ስም ስንት ዓመት ተጣላሁ፣ ስንት ጊዜ ሰው መሃል ጮኼ ተዋረድኩ፤ አንድም ቀን አላስጠራኋትም። ያ ርጉም በአንድ ቁንጥጫ አስጠራት። አሁን ገባችሁ ለምን እንደምናደድ?